የዱግላስ ማውሰን ሕይወትና የውሾቹ ጉበት

ዱግላስ ማውሰን በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አውራጃ፥ ሺፕሊ በምትባል ከተማ በ1882 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው በመርከብ ወደ አውስትራልያ ተሻገሩ፤ ልጁም በሲድኒ አቅራቢያ አደገ።

ከፍ ባለም ጊዜ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አስቀድሞ የማዕድንን አወጣጥ፥ ቀጥሎም የድንጋይንና የምድርን ጠባይ የሚመረምረውን ትምህርት ተማረ። መምህሩ ኤጅዎርዝ ዴቪድ የሚባል ስመ ጥር ሊቅ ነበረ። ይህ መምህር ድንጋይን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ከማሳየት ይልቅ ተማሪዎቹን ወደ ተራራ ይዞ እየወጣ በእጃቸው እንዲዳስሱት ያደርግ ነበር። ማውሰንም ይህን ልማድ ከመምህሩ ተቀብሎ ዕድሜውን ሁሉ አልተወውም። በ1905 ዓ.ም. በአደላይድ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ።

በምድር ደቡባዊ ጫፍ አንታርክቲካ የሚባል ታላቅ ምድር አለ። ስፋቱ ከአውስትራልያ ስፋት ይበልጣል፤ ነገር ግን ከጥቂቱ በቀር ሁሉ በበረዶ የተሸፈነ ነው፤ የበረዶውም ውፍረት በብዙ ስፍራ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዛፍ አይበቅልበትም፤ እህል አይዘራበትም። በባሕሩ ዳር አቆስጣ የሚባሉ፥ እግራቸው እንደ ዓሣ ክንፍ የሆነ ስባም አራዊትና መብረር የማይችሉ ፔንጉዊን የሚባሉ ወፎች ይገኛሉ። ከባሕሩ ርቆ ወደ መካከል ለሚገባ ሰው ግን የሚበላ ነገር አንዳች እንኳ የለም። ስለዚህ መንገደኛው ስንቁን ሁሉ ከቤቱ ይዞ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ስንቁ በጠፋ ቀን የሚለምነው ጎረቤት፥ የሚሸምትበት ገበያ አያገኝም።

ማውሰን ወደዚያ ምድር መጀመሪያ የሄደው በ1907 ዓ.ም. ከኧርነስት ሻክልተን ጋር ነው። በ1908 ዓ.ም. ከመምህሩ ከዴቪድና ከሌሎች ባልንጀሮች ጋር ኤሬቡስ በሚባለው እሳት በሚተፋ ተራራ ራስ ላይ ወጣ፤ ከእነርሱ በፊት የወጣበት ሰው አልነበረም። ከዚያም በኋላ ማውሰንና ዴቪድ፥ ማካይ ከሚባል ሐኪም ጋር፥ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት መንኰራኵር የሌለው ሠረገላ ራሳቸው እየጐተቱ ብዙ ሳምንት ተጓዙ፤ በጃንዋሪ 16 ቀን 1909 ዓ.ም. የማግኔት መርፌ ቀጥ ብሎ ወደሚቆምበት ወደ ደቡብ ማግኔት ዋልታ አካባቢ ደረሱ። ከዚህ በኋላ ስሙ በብዙ አገር ታወቀ። የእንግሊዙ መኰንን ስኮት ወደ ዋልታው አብሮት እንዲሄድ ጋበዘው፤ እርሱ ግን አልተቀበለም። ከዋልታው መድረስ ይልቅ በአውስትራልያ ፊት ለፊት ያለውን፥ ማንም ያልመረመረውን ጠረፍ መርምሮ በካርታ ላይ ማስፈር ይበልጥበት ነበርና።

ገንዘብ ለምኖ፥ ሰው መርጦ፥ አውሮራ የምትባለውን አሮጌ መርከብ ገዝቶ፥ በዲሴምበር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ከሆባርት ወደብ ተነሣ። የመርከቢቱ አለቃ ጆን ኪንግ ዴቪስ ነበረ። በጃንዋሪ 1912 ዓ.ም. ኬፕ ዴኒሰን ብለው በሰየሙት ስፍራ አረፉና ከጣውላ ቤት ሠሩ። ስፍራውን ሲመርጡ ቀኑ ጸጥ ያለ ስለ ነበረ ነፋሱ ምን ያህል እንደ ሆነ አላወቁም። በኋላ በመለኪያ ቢለኩት የዓመቱ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ ከቤት ሲወጡ እንደ ሕፃን በእጅና በእግር እየዳሁ፥ ወይም ሰውነታቸውን ወደ ነፋሱ አዘንብለው ይሄዱ ነበር፤ ነፋሱ ድንገት ባረፈም ጊዜ በፊታቸው ይደፉ ነበር። እንደዚህ ሆነው ክረምቱን ሁሉ ከቤት ታጥረው ከረሙ።

የዚያ ምድር በጋ በደረሰ ጊዜ ማውሰን ሰዎቹን በየክፍሉ አድርጎ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ላካቸው። ለራሱም እጅግ የራቀውን የምሥራቁን መንገድ መረጠ፤ ሁለት ጐልማሶችንም አስከተለ። አንደኛው ቤልግሬቭ ኒኒስ የሚባል የ25 ዓመት እንግሊዛዊ መኰንን ነበረ። ሁለተኛው ዛቪየር ሜርትስ የሚባል ከስዊስ አገር የመጣ ሕግ ዐዋቂ ነበረ፤ ይህም ሰው በእግር ታስሮ በበረዶ ላይ በሚያንሸራትት ረጅም ጣውላ ሲሮጥ የሚወዳደረው ጥቂት ነበር። ሁለቱ ከግሪንላንድ የመጡትን ውሾች ከሎንዶን ጀምረው በመርከብ የጠበቁ፥ ያበሉና ያለመዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ከውሾቹም፥ እርስ በርሳቸውም እጅግ ተዋደው ነበር። ውሾቹ እያንዳንዳቸው በስም ይጠሩ ነበር። ቀለባቸውም በአብዛኛው የአቆስጣ ሥጋና ስብ ነበረ። ይህን የቀለባቸውን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዘው፤ በኋላ ይፈለጋልና።

ሦስቱ ሰዎች በኖቬምበር 10 ቀን 1912 ዓ.ም. ተነሡ። አምስት ሳምንት ሙሉ በበረዶ ሜዳ ላይ ሲጓዙ ሁለት ታላላቅ የበረዶ ወንዞች ተሻገሩ። የበረዶ ወንዝ ማለት ከኰረብታ ወደ ባሕር እጅግ በዝግታ የሚወርድ የበረዶ ክምር ነው፤ ሲወርድም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ጥልቅ ገደል ይሆናል። የገደሉን አፍ አዲስ አመዳይ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ለዓይን ደልዳላ ሜዳ ይመስላል።

ዲሴምበር 14 ቀን ከቤታቸው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሳሉ፥ ሜርትስ ከፊት እየሄደ የተሸፈነ ገደል እንዳለ በምልክት አሳየ። ማውሰን በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ለኒኒስ ጮኾ ነገረውና ያለ ችግር አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሜርትስ ወደ ኋላ ተመልክቶ ደነገጠ፤ ማውሰንም ዘወር ቢል ከኋላው የነበረው ሁሉ የለም። ኒኒስም፥ ሠረገላውም፥ ውሾቹም ጠፍተዋል። ሁለቱ ሮጠው ቢመለሱ ስፋቱ ከሦስት ሜትር በላይ የሆነ ጕድጓድ አገኙ። በደረታቸው ተኝተው ቢመለከቱ በ50 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለች ጠርዝ አንድ ውሻ ወገቡ ተሰብሮ ሲያቃስት አዩ፤ ከዚያ በታች ጨለማ ነበረ። ያላቸውን ገመድ ሁሉ ቢቀጣጥሉት እስከዚያች ጠርዝ እንኳ አልደረሰም። ከሦስት ሰዓት በላይ ስሙን እየጠሩ ቈዩ፤ የመለሰላቸው ግን የለም። በመጨረሻም በጕድጓዱ አፍ ቆመው የቀብር ጸሎት አንብበው ተነሡ።

ገደሉ የሚያስፈራው በፊተኛው ሠረገላ ነው ብለው ስላሰቡ፥ አስፈላጊውን ነገር ሁሉ በኋለኛው ላይ ጭነውት ነበር። ስለዚህ ከኒኒስ ጋር ድንኳናቸው፥ የሰውም ስንቅ የሚበዛው፥ የውሾቹ ቀለብ ሁሉና ስድስቱ ብርቱ ውሾች ጠፉ። ሜርትስ በረዶ የማያስገባውን ሱሪ ደግሞ አጣ። የተረፈላቸው የዐሥር ቀን ያህል የሰው ምግብ፥ የመኝታ ከረጢታቸው፥ ምግብ የሚያበስሉበት ምድጃና ስድስት ደካማ ውሾች ብቻ ነበሩ። የሚመለሱበት መንገድ ግን አምስት ሳምንት የተጓዙበት ነው። ድንኳን የሌለው ሰው በዚያ አገር አንድ ሌሊት ማደር አይሆንለትም፤ ደግነቱ ትርፍ የድንኳን ልብስ ስለ ተገኘ በሠረገላ እንጨት ደግፈው ሁለት ሰው የሚተኛባት ትንሽ ጎጆ አበጁ።

ለውሾቹ የሚሰጣቸው ነገር ስላልነበረ ያረጀ የቆዳ ጓንትና ጠፍር እየቈረጡ ያበሉአቸው ነበር። በየጊዜው የደከመውን ውሻ ገድለው ከሥጋው ለቀሩት ሰጡ፤ እነርሱም በሉ። ውሻን መብላት ለሰሚው ጆሮ የሚያስጸይፍ ነገር ነው፤ ለእነርሱም እንዲሁ ነበር፤ ይልቁንም በስሙ ጠርተው ያሳደጉትን። ነገር ግን ሁለት ነገር ብቻ በፊታቸው ነበረ፤ ወይ መብላት፥ ወይ መሞት። ውሾቹ በረኃብ ከስተው ስለ ነበሩ ሥጋቸው እንደ ጠፍር የደረቀና ስብ የሌለው ነበረ፤ ብዙ ጊዜ ቢቀቅሉትም ለጥርስ አስቸጋሪ ሆነ። ከውሻው ሰውነት ለስላሳ የነበረው ጉበቱ ነው። ጉበቱ በቶሎ ይበስላል፤ ማኘክ አያሻውም፤ ለደከመ ሰው የተሻለ ምግብ መሰላቸው። ስለዚህ ጉበቱን ሳያስቀሩ በሉት። አንዳንድ ሰዎች ሜርትስ ጠንካራውን ሥጋ መብላት ስላቃተው ከጉበቱ የሚበዛውን እርሱ ሳይበላ አልቀረም ብለው ይገምታሉ። እንዲህ ከሆነ፥ ባልንጀራው በርኅራኄ የሰጠው ነገር የጐዳው ነው ማለት ነው።

ጂንጀር የምትባለው የመጨረሻዪቱ ውሻ በዲሴምበር መጨረሻ ታረደች። ከዚያም በኋላ ሁለቱ ሠረገላውን ራሳቸው ጐተቱ። የሁለቱም ሰውነት እንግዳ ነገር ያሳይ ጀመር። ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ጠጕራቸው ይረግፋል፤ ቆዳቸው ከእግራቸው፥ ከጆሮአቸውና ከሌላውም ገላቸው እየተላጠ ይወርዳል። ልብሳቸውን ሲያወልቁ የተላጠ ቆዳና ጠጕር ይረግፍ ነበር። ቍስላቸውም አይጠግግም። በረኃብና በብርድ የሚመጣ ነው ብለው አሰቡ፤ ሌላ ምክንያት ሊያስቡ የሚችሉበት ዕውቀት በዚያን ጊዜ በማንም ዘንድ አልነበረምና።

በጃንዋሪ 1913 ዓ.ም. መጀመሪያ ሜርትስ እጅግ ታመመ። የውሻ ሥጋ እንዳልተስማማው ተረድቶ መብላት አልወደደም። ማውሰንም ከቀረው ከእውነተኛው ስንቅ ከፍሎ ሰጠው። ሜርትስ ከመኝታው መነሣት ባቃተው ጊዜ ማውሰን በሠረገላው ላይ ጭኖ ጥቂት ጐተተው። የምግቡ ቀን እያለቀ፥ መንገዱም ገና 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶ ሳለ፥ ማውሰን ትቶት ቢሄድ የሚያየው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ድንኳኑን ተክሎ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ታማሚው አእምሮውን ሳተ፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማውሰንም እንዳይጐዳ በኀይል ይዞ ያረጋጋው ነበር። በጃንዋሪ 8 ቀን ሌሊት ሜርትስ በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ሳለ ሞተ። ዕድሜው 30 ነበረ።

ማውሰን ባልንጀራውን በከረጢቱ እንዳለ በበረዶ ጡብ ከደነው፤ ከሠረገላ እንጨትም መስቀል አበጅቶ በላዩ ተከለ። ከዚያም በኪሱ በነበረች ትንሽ መጋዝ ሠረገላውን ከወገቡ ቈርጦ ግማሹን ብቻ አስቀረ፤ ሙሉውን ለመጐተት ጕልበት አልነበረውም። በጃንዋሪ 11 ቀን ብቻውን ጕዞ በጀመረ ጊዜ እግሩን አንድ ነገር እንግዳ ሆነበት። ጫማውን አውልቆ ቢያይ የሁለቱም እግሮች ውስጥ ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ተላቆ ወጥቷል፤ ከሥሩም ጥሬ ሥጋ ይታያል። ቅባት ቀባው፤ የተላቀቀውንም ቆዳ መልሶ በቦታው አድርጎ በጨርቅ አሰረው፤ በላዩም ስድስት ያህል የሱፍ ካልሲ ደራርቦ ሄደ። እንዲህ ያለውን እግር ይዞ በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር መራመዱ የሚያስደንቅ ነው።

በጃንዋሪ 17 ቀን ማውሰን ራሱ ገደል ውስጥ ወደቀ። በወገቡ የታሰረው ገመድ ከሠረገላው ጋር የተያያዘ ነበርና ሠረገላው በበረዶው ተይዞ ሲቆም እርሱ በጨለማው ውስጥ በአየር ላይ ተንጠለጠለ። በገመዱ ላይ ቋጠሮዎች ነበሩበት፤ እነርሱን እየያዘ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። ከገደሉ አፍ ደርሶ ሊወጣ ሲል ጠርዙ ተናደና እስከ ገመዱ ጫፍ ተመልሶ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ገመዱን ፈትቶ ቢወድቅ መከራው ሁሉ ያልቅለት እንደ ነበር አሰበ። ነገር ግን ያልበላው ጥቂት ምግብ በሠረገላው ላይ እንዳለ ትዝ አለው፤ እንደ ገናም ታግሎ ወጣ፤ በበረዶውም ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ራሱን ስቶ ተኛ። ሲነቃም ከገመድ መሰላል ሠርቶ ከሠረገላው ጋር አሰረው፤ ከዚያ በኋላ በወደቀ ጊዜ ሁሉ በመሰላሉ ይወጣ ነበር።

በጃንዋሪ 29 ቀን የምግቡ ፍጻሜ ሲቃረብ፥ በስተቀኙ በጥቍር ጨርቅ የተሸፈነ የበረዶ ክምር አየ። ሊፈልጉት የወጡት ባልንጀሮቹ የተዉት የምግብ ከረጢት ነበረ። በውስጡም ደብዳቤ ተገኘ፤ መርከቢቱ እንደ መጣች፥ ኖርዌያዊው አሙንድሰንም ዋልታውን እንደ ደረሰ ይናገራል። ባልንጀሮቹ ከዚያ ስፍራ የተነሡት በዚያው ቀን ጧት ነበረ፤ ያመለጡትም በስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 1 ቀን ከቤቱ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቅ የበረዶ ዋሻ ደረሰ፤ በዚያም ብርቱካንና አናናስ አገኘ። ወደ ቤቱ የሚወርደው ቍልቍለት ግን እንደ መስታወት የሚያንሸራትት ነበርና፥ የጫማ ችንካሩን ቀድሞ ጥሎት ስለ ነበረ፥ ዐውሎ ነፋሱም ስላልተወ፥ በዚያች ዋሻ አንድ ሳምንት ተቀመጠ። በፌብሩዋሪ 8 ቀን ሲወርድ በባሕሩ ዳርቻ ላይ አንዲት ነጥብ አየ። አውሮራ መርከብ ነበረች፤ ከጥቂት ሰዓት በፊት ተነሥታ ትሄድ ነበር። ከቤቱ የወጡት ሰዎች ወደ እርሱ በሮጡ ጊዜ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ወዲያው አላወቁትም ይባላል።

ምናልባት ይመጡ ይሆናል ተብሎ ስድስት ሰዎች ሊጠብቁአቸው ቀርተው ነበር። ያለ ሽቦ በሚሠራው ቴሌግራፍ መርከቢቱን ጠሩአት፤ እርስዋም ተመለሰች፤ ነገር ግን ነፋሱ ከጠረፉ አላስጠጋትም፤ በሩቅ ምዕራብ የቀሩትን ሰዎች ደግሞ ማንሣት ነበረባትና ሄደች። ማውሰንም ሌላ ዓመት በዚያ ቈየ። ምናልባት ይህ መዘግየት ለሰውነቱ ጠቅሞታል። በ1914 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር አደላይድ ገባ፤ በዚያው ዓመት ፓኪታ ዴልፕራትን አገባ፤ የእንግሊዝም ንጉሥ የሰርነት ማዕርግ ሰጠው። የተሻገሩአቸውን ሁለት የበረዶ ወንዞች አንደኛውን በሜርትስ፥ ሁለተኛውን በኒኒስ ስም ሰየማቸው፤ እስከ ዛሬም በካርታ ላይ በዚህ ስም ይታወቃሉ። በ1921 ዓ.ም. የምድር ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1952 ዓ.ም. በጡረታ እስኪወጣ ድረስ ተማሪዎቹን ወደ ፍሊንደርስ ተራራዎች እየወሰደ አስተማረ። በማኳሪ ደሴት ፔንጉዊንና አቆስጣ ለዘይት ሲባል እንዳይፈጁ ብዙ ደከመ፤ ደሴቲቱም በ1933 ዓ.ም. አራዊት የማይገደሉባት ስፍራ ሆነች። ማውሰን በኦክቶበር 14 ቀን 1958 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ ከሞተ 11 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1969 ዓ.ም.፥ ክሊላንድና ሳውዝኮት የሚባሉ ሁለት የአደላይድ ሐኪሞች የሁለቱን ሰዎች ሕመም መርምረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጠጕር መርገፍ፥ ቆዳ መላጥ፥ የሆድ ሕመም፥ የአእምሮ መሳት፥ የሰውነት መንቀጥቀጥ፤ ይህ ሁሉ ቪታሚን ኤ የሚባለውን ነገር ከመጠን በላይ በበላ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት መሆኑን አስረዱ። የመጣውም ከውሾቹ ጉበት ነው አሉ።

ቪታሚን ኤ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሰው ያለ እርሱ ሊኖር አይችልም፤ የጐደለበት ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ይሳነዋል፤ ይህም በአገራችን ዳፍንት የሚባለው በሽታ ነው። የቀደሙት የግብፅና የግሪክ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ጉበትን መድኀኒት አድርገው ያዝዙ ነበር፤ ምክንያቱን ባያውቁም መድኀኒቱን አላጡትም። የነገሩ ምክንያት መገለጥ የጀመረው በአሜሪካ ማኮለምና ዴቪስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በቅቤና በእንቍላል አስኳል ስብ ውስጥ ለእድገት የሚያስፈልግ ነገር እንዳለ በጻፉ ጊዜ ነው። ዘመኑም 1913 ዓ.ም. ነበረ፤ ሜርትስ የሞተበት ዓመት።

ይህ ቪታሚን በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለ ሆነ፥ የተረፈው እንደ ሌሎቹ በሽንት አይወጣም፤ በጉበት ውስጥ ይከማቻል። በባሕር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን ትንሹ ዓሣ ይበላል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቁ፤ ትልቁን አቆስጣ፤ አቆስጣን ደግሞ ነጭ ድብ ወይም ውሻ ይበላል። እያንዳንዱም የበታቹ ያከማቸውን ስለሚወርስ፥ የመጨረሻው በላተኛ ጉበት ጎተራ ይሆናል። ነጭ ድብና የሰሜን ውሻ ይህን ሁሉ ችለው ይኖራሉ፤ የሰው ሰውነት ግን አይችለውም። በ1943 ዓ.ም. ሮዳልና ሙር የሚባሉ ሊቃውንት የነጭ ድብን ጉበት መዝነው መረመሩ። በመለኪያቸው ዝቅተኛው ቍጥር እንኳ በአንድ ግራም ጉበት 3,900 ማይክሮግራም ያህል ሆነ። ማይክሮግራም ማለት ግራም ለአንድ ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ ክፍል ነው። ለአንድ ጐልማሳ ወንድ በቀን 900 ይበቃዋል፤ በየቀኑም ከ3,000 እንዳያልፍ ይመከራል። እንግዲህ እንደ ባቄላ ፍሬ የምታህል ቍራጭ የቀኑን ልክ ታሳልፋለች፤ 100 ግራም ደግሞ ከአንድ ዓመት ፍላጎት ይበልጣል። የሰሜን ውሻ ጉበትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማውሰንና ሜርትስ ግን የስድስት ውሾችን ጉበት በሁለት ሳምንት ተካፍለው በልተዋል።

የዚህ መርዝ ክፋቱ የማይታወቅ መሆኑ ነው። የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል፤ የሻገተ እንጀራ ይታያል፤ ይህ ግን ሽታም ቀለምም መራራነትም የለውም፤ ጉበቱ ትኩስና ለስላሳ ነው። መቀቀልም አያጠፋውም፤ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቢቈይ አብዛኛው እንዳለ ይቀራል። የሰሜን በረዶ አገር ሰዎች የሆኑት ኢኑይቶች የነጭ ድብን ጉበት አይበሉም፤ መጽሐፍ ሳይኖራቸው ከአባቶቻቸው የተማሩት ነው። በ1597 ዓ.ም. ኖቫያ ዜምልያ በምትባል ደሴት የከረሙት የሆላንዳዊው የቪለም ባረንትስ መርከበኞችም የድብ ጉበት በልተው ታመው ነበር፤ ሦስቱም ከራሳቸው እስከ እግራቸው ቆዳቸው ተላጠ፤ በኋላ ግን ዳኑ። ይህም ወሬ በጊዜው በመጽሐፍ ታትሞ ነበር። በሩቅ ሰሜን ያሉ ሰዎች ስለ ድብ ያወቁትን፥ በሩቅ ደቡብ ያሉት ስለ ውሻ አላሰቡትም።

የበሬና የበግ ጉበት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ በ100 ግራም ጥሬ የበሬ ጉበት 5,000 ማይክሮግራም ያህል ይገኛል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የሚበላው ሰው ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም፤ ዱለት ወዳጆችም አይደንግጡ። በየቀኑ ብዙ ጉበት መብላት ግን አይገባም፤ ከልክ ያለፈ ቪታሚን ኤ የጽንስን አፈጣጠር ሊያበላሽ ስለሚችል ሐኪሞች ነፍሰ ጡር ሴት ከጉበት እንድትጠነቀቅ ይመክራሉ።

ሜርትስን የገደለው ጉበት ብቻ ነው የሚለውን ሁሉም ሐኪም አልተቀበለውም። አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን ረኃቡ፥ ብርዱና የጠፋው ልብሱ ለመግደል ይበቃሉ ብለው ተከራክረዋል። ሥጋውን መርምሮ ፍርድ ሊሰጥ የሚችል ሰው የለም፤ ሜርትስና ኒኒስ እስከ ዛሬ በበረዶው ውስጥ ናቸውና። ማውሰንና ባልንጀሮቹ በ1913 ዓ.ም. ከመመለሳቸው በፊት በኬፕ ዴኒሰን ኰረብታ ላይ ለሁለቱ መታሰቢያ ታላቅ የእንጨት መስቀል ተክለዋል። ነፋሱ አግዳሚውን እንጨት ከአንድ ጊዜ በላይ ነቅሎ ጥሎታል፤ በኋላ የመጡ መንገደኞችም አንሥተው በቦታው መልሰውታል።